በዘሀራ ደጅ የተቀረጸው መርዶ

ታኅሣሥ ሰባት ቀን፣ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ። መካነ ሰላም፣ ከቤቴ በረንዳ ላይ።

እስከዚህ ሰዓት ድረስ ነገሩን ሙሉ ለሙሉ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ሌላ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም አዲስ አበባ ተቀምጦ ሌላ ፊልም እየሠራ ነው። ለነፍስ አባቴ አልተናዘዝሁትም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ቁጣዬን እናገራለሁ፤ ትዕቢቴን እናገራለሁ፤ ጾም የገደፍሁበትን ቀን እንኳ አልደብቅም። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ዞር ብሎ ያልፈዋል። ባለቤቴ ከማረፏ በፊት፣ በረጅሙ ሕመሟ ጊዜ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ! ከፍቼም ውኃ ትፈልግ እንደሆን ጠይቄ ዘግቼዋለሁ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሰሚ እርስዎ ነዎት። ከሰዓት በኋላ የምሄድበት ቤት አለ፤ ከመሄዴ በፊት ነገሩ በወረቀት ላይ እንዲቆም እፈልጋለሁ፤ እዚያ ደርሼ አንደበቴ እንደ ልማዱ ዞር ቢል መመለሻ እንዳይኖረው።

ድርጊቱን አስቀድሜ ልናገር። እኔ አንዲት እናት በሕይወት ላለች ልጇ የሞት ልቅሶ እንድታለቅስ አደረግሁ። ልቅሶዋን በካሜራ አስቀረጽሁ። ከዚያም ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ አሳመንኋት። ሦስቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሴትዮዋ ዘሀራ ትባላለች፤ ጎረቤቴ ናት። የማድ ቤቴ መስኮት ከደጇ ትይዩ ስለሆነ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሁለቱ ሥራ ሳይፈቱ በዚያ መስኮት ይጨዋወቱ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ልጇ መዲና ጅዳ ሄደች፤ በሰው ቤት ትሠራለች። መዲና ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። ዘሀራ ስልኩን ከፍ አድርጋ እየጮኸች ስለምታወራ የመዲናን ወሬ ሰፈሩ በሙሉ እኩል ይሰማ ነበር፤ አሠሪዋ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች፣ ምን እንደበላች፣ ለመጪው ዒድ ልትመጣ ማሰቧን። አሁን ሳስበው ያ ጩኸት እንዴት ያለ ደስታ ነበር? ያን ጊዜ ግን ማንበብ የሚከለክል ረብሻ ይመስለኝ ነበር።

ናሆም የተባለው ወጣት ዳይሬክተር ወደ እኔ የመጣው ከስደት ስለማትመለስ ልጅ የሚተርክ ስክሪፕት ይዞ ነው። አነስተኛ ፊልም ነው፤ ጥቂት ሰዎች፣ አንዲት ካሜራ፣ የሚታወቅ ተዋናይ የለበትም። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍና ተውኔት ማጥናቴን፣ ከዚያም ዘመኔን በሙሉ እዚህ አማርኛ ማስተማሬን ሰምቶ ስክሪፕቱን እንዳርምለት ለመነኝ። ጋሼ ይለኛል። በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስሁለት፤ አመሰገነኝ፤ ደግሞ አመጣልኝ፤ ደግሞ አረምሁ። ከጡረታ በኋላ የሚያማክረኝ ሰው ጠፍቶ ለቆየሁት ለእኔ ይህ ምን ያህል እንደጣመኝ መደበቅ አልችልም።

በስክሪፕቱ ውስጥ እናቲቱ የልጇን ሞት በስልክ ሰምታ ትጮኻለች። «እዚህ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም» አልሁት። ልማዱንም አስረዳሁት። የሰማ ሰው በሆዱ ይዞ ሽማግሌዎችን ይጠራል፤ ሼሁም ቄሱም ይጠራሉ፤ ጎረቤት ቤት ተሰባስበው ያድራሉ። ባለሐዘኗ ለገበያም ለውኃም ከቤት ሳትወጣ፣ ከመንገድ ሰው ሳትሰማው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረው ይሄዳሉ። ደጅ ሲደርሱ እንደ ወትሮው «እንዴት አደራችሁ» አይሉም። ቃል ከመውጣቱ በፊት አቋቋማቸውን ያየ ሰው ያውቃል። ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሸከመው አባቶቻችን ያበጁት ነገር ነው። ናሆም አፉን ከፍቶ ሰማኝ፤ ትዕይንቱም በዚሁ ተለወጠ። ልማዱን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። የሸጥሁትም እኔ ነኝ።

እናቲቱን ሆና እንድትሠራ ዘሀራን የጠቆምሁም እኔው ነኝ። በየሠርጉ ሰው እያስመሰለች ሆድ እስኪቆስል የምታስቅ ሴት ናት።

«መምህር፣ በስተርጅና አክተር አድርጋችሁኝ ጉድ ልታፈሉ ነው!» አለች። «በሉ እሽ፤ መዲና አይታ ትሳቅብኝ።»

ሌላውን ሁሉ ተዋጣላት። የምትቆጣውን ተቆጣች፣ የምትጸልየውን ጸለየች። ልቅሶው ብቻ አልሆን አለ። በልምምድ ጊዜ ሁለት ጊዜ «ወይኔ ልጄን» ትልና ሳቋ ያመልጣታል። «ያረቢ! ልጄ ትናንት ዶሮ ወጥ ሠራሁ እያለችኝ እንዴት አድርጌ ላልቅስ?» ትላለች። ናሆም ታጋሽ ነበር፤ ከኋላዋ እናነሳታለን፣ ድምፁን እናሳጥረዋለን አለ። ያልረካሁት እኔ ነበርሁ። ተማሪ አንዲት ቃል አሳስቶ ሲያነብ ክፍሉን በሙሉ አስቁሜ የማስደግም ሰው ነኝ፤ በዚህም እከበር ነበር። በሙዚቃ እየጎተቱ ተመልካች የሚያስለቅሱትን ትልልቅ ፊልሞች እንቅ ነበር፤ ውሸት ናቸው እል ነበር። እና ምን አልሁ?

«ካላወቀች ታለቅሳለች» አልሁ።

«ይከብዳል፣ ጋሼ» አለኝ ናሆም። እኔም ስለ ጥበብና ስለ እውነት ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ቃል ለቃል ባላስታውሰውም አማርኛው ያማረ እንደነበር አልጠራጠርም። ልጁ ተሸነፈ። ዕድሜዬን፣ ትምህርቴን፣ ጋሼነቴን ሁሉ በላዩ ላይ ጭኜ ነው ያሸነፍሁት።

ለዘሀራ ቀረጻው ቅዳሜ ነው አልኋት። ለሼህ ይማምና ለቄስ ሞገስ፣ እንዲሁም አብረዋቸው ለሚቆሙት ጎረቤቶች፣ ሐሙስ ማለዳ ነው፤ እርሷም ታውቃለች አልኋቸው። ካሜራው እንዳያስፈራት ራቅ ይላል ብዬም ጨመርሁ። ሽማግሌዎቹ ፈቃደኛ የሆኑት የሰፈሩ ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው እንዳይሰደዱ ትምህርት ይሆናቸዋል ብለው ነው። ካሜራውን የተከልነው በማድ ቤቴ መስኮት፣ ሚስቴና ዘሀራ በሚጨዋወቱበት በዚያው መስኮት ነው።

ዘሀራ የውኃ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ደጇ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ካሜራ ፍለጋ ዓይኗን አላዞረችም፤ ሐሙስ ነዋ! ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። ሼህ ይማም እንደ ስክሪፕቱ «ዘሀራ፣ አብሽሪ፤ ከአላህ የመጣ ነው» አሏት። ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። በስክሪፕቱ ውስጥ የልጅቷ ስም ሰላም ነው። እርሷ ግን «መዲና!» አለች። «መዲናዬ! መዲናዬ!» ሻሿን ከራሷ ላይ ነቅላ ጣለች፤ ደፉ ላይ ወደቀች፤ አፈሩን በሁለት እጇ እየዘገነች በራሷ ላይ ትነሰንስ ጀመር። ትጮህ ነበር ማለት አልችልም። ከሰው የሚወጣ ድምፅ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወስዶብኛል።

ናሆም እጁን የካሜራማኑ ትከሻ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ይብቃ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ትንሽ ቆይ» አልሁት።

እኔ ነኝ ያልሁት። ትንሽ ቆይ። ምን ፈልጌ ነበር? ምን ጎደለኝ? ከዚያ በላይ ምን ሊቀረጽ ነበር? ያ «ትንሽ» ምን ያህል እንደነበር እንኳ አላውቅም፤ ነገርን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ የምለካ ሰው ያን አልለካሁትም። የማስታውሰው ነገር ቢኖር ያሳፍረኛል፤ እያየሁ ሳለ በውስጤ እርካታ ነበር። አሁን ሆነ፣ አሁን ገና ትክክል ሆነ፣ የሚል እርካታ።

ነገሩ የገባቸው ሼህ ይማም ናቸው። «ኧረ ይቺ ሴት አላወቀችም!» ብለው ጮኹ። ይህ ጩኸት በፊልሙ ውስጥ የለም፤ ተቆርጧል። ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ይዘው «ዘሀራ! ፊልሙ ነው! የፊልሙ ነው፣ ወላሂ ልጅሽ ደኅና ናት!» ይሏታል፤ አትሰማም። ስትሰማም እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝን ነገር አደረገች፤ ይቅርታ ጠየቀች። አፈሩን ከፊቷ ሳትጠርግ፣ ሻሿን በዳበሳ እየፈለገች፣ «ቅዳሜ አልነበረም እንዴ? ቀኑን ተሳስቼ ነው… አፉ በሉኝ፣ አሳፈርኋችሁ» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ፤ ቀኑን የቆረጥሁት እኔ ነኛ። አፌ ላይ አንዲት ቃል ነበረች፤ ቅዳሜ የምትል። ያቺን ብናገር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

«ሐሙስ ብዬሽ ነበር እኮ፣ ዘሀራ» አልሁ።

ቄስ ሞገስ ሳቅ ብለው «እንግዲህ ዝንጉ አክተር ቀጥረናል» አሉ፤ ድንጋጤውን ለማብረድ ነው። ሌላውም ሳቀ። ዘሀራም እያለቀሰች ሳቀች። ያችን ጠዋት መዲና ስልኳን እስክታነሳ ድረስ ግን ልጇ መኖሯን አላመነችም።

ፊልሙ አለቀ። ናሆም ይዞት በሲኒማ ቤቶች ዞረ። የአንዱ ሲኒማ ቤት ኃላፊ የጠየቀውን ሲነግረኝ ስቄ ነበር፦ «የሚያስቅ ቦታ አለው? የለውም። የምናውቀው ሰው አለበት? የለበትም። መኪና የሚገለበጥበት ቦታስ?» በዚያ ሰሞን ትልቅ የሚባል የፍቅር ፊልም ወጥቶ ሕዝቡ በር ላይ ይጋፋ ነበር፤ ለእኛ የተሰጠን ሰው ሥራ ላይ የሚሆንበት የሰኞ ረፋድ ነው። ሊቀር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ፊልም አስተዋዋቂ ትሬለር የሚሉትን አጭር ቅንጭብ በዘሀራ ጩኸት እንክፈተው አለ። ናሆም ደወለልኝ። «የልጅቷ እውነተኛ ስም ይሰማል፣ ጋሼ፤ ላጥፋው?» አለ። ልጁ ሁልጊዜ መውጫውን እያሳየኝ ነበር፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። እኔም «አትንካው፤ ከነካኸው ድምፁ ይሰበራል» አልሁ። ለፖስተሩም ቃል አዋጣሁ፦ «በዚህ ፊልም ውስጥ የሚፈሰው እንባ እውነተኛ ነው።» ተሠራጨ። የናቅኋቸው ፊልሞች የሚያስለቅሱት በሙዚቃ ነበር። እኔ ገበያ የወጣሁት በጎረቤቴ አንጀት ነው።

ከዚያማ ተሳካልን። ፊልሙ በውጭ አገር ፌስቲቫል ታየ፤ «የእናቲቱ ትወና» ተደነቀ። ስለ ትወናዋ የተጻፈውን አነበብሁ፤ ተፈጥሯዊ ነው ይላል። እዚህ ባህል አዳራሽ ሲታይ ሕዝቡ ሞላ፤ የሚያውቁትን ሰው በሸራው ላይ ባዩ ቁጥር «ኧረ የኛ ቄስ! ኧረ ነጠላቸው!» እያሉ ሲንጫጩ ቆይተው፣ ያ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዘሀራ ፊቷን ሸፈነች። መጨረሻ ላይ «አማካሪ» ተብሎ ስሜ ሲወጣ አጨበጨቡልኝ፤ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። አዎን፣ ተነሣሁ።

ቅንጭቡ ግን ከፊልሙ ቀድሞ በየስልኩ ሄዶ ነበር። ስሟን የሰማ፣ ፊቷን ያወቀ፣ ፊልም መሆኑን ያልጠየቀ ዘመድ ለልቅሶ መጣ። ከአጅባር የባሏ እኅቶች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ጀምረው እያለቀሱ ደረሱ። ዘሀራ ደጅ ወጥታ «ኧረ አልሞተችም! ኧረ ደኅና ናት!» ትላለች፤ እነርሱ ሐዘኑ አእምሮዋን የነካው መስሏቸው ጨምረው ያለቅሳሉ። ቀኑን ሙሉ ስታስረዳ ትውላለች። «የኔ ዝንጉነት ነው፤ መምህር ሐሙስ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ቅዳሜ ያልሁት።» በመስኮቴ እሰማታለሁ። በየእንግዳው ፊት ስሜን በክብር ትጠራለች። እኔም መስኮቱን እዘጋለሁ።

ጅዳም ደረሰ። የመዲና ጓደኞች የእናቷን ልቅሶ አይተው ሊያጽናኗት ቢደውሉ የሞተችው እርሷው ራሷ ሆነች። ያን ዓርብ የዘሀራ ስልክ ድምፅ ከፍ ብሎ እንደተለመደው ተሰማ፤ «እማ፣ በቁሜ አለቀስሽልኝ? ስሜን ጠርተሽ? በሞቴ ሥራ ያዝሽ?» ዘሀራ ቀኑን ስለመሳሳቷ ትናገራለች። ልጅቷ ግን ያላትን አልረሳሁትም። «ቀን የተሳሳተ ሰው እንደዚያ አያለቅስም፣ እማ። ሆን ብለሽ ነው።» ትክክል ብላለች፤ ሆን ተብሎ ነው። የተሳሳተችው በሰውየው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ጸጥ አለ። መዲና ለጎረቤት ትደውላለች፤ እናቷ ደኅና መሆኗን ጠይቃ ትዘጋለች። ለዒድም አልመጣችም፤ ለቀጣዩም አልመጣችም። ሰፈሩ እንዲህ ጸጥ ብሎ ማንበብ ይቻላል። አላነብም። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ማድ ቤት ገብቼ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዘሀራ መጣች። ከስታለች። «መምህር፣ አንቱ ቃል ታውቃላችሁ» አለችኝ። «እኔ ብነግራት አላመነችኝም። አንቱ ምስክር ናችሁ። ሐሙስ ብዬያት ነበር፣ ዘንግታ ነው ብላችሁ ንገሩልኝ። ሰኞ ከሰዓት አሠሪዎቿ ይወጣሉ አሉ።» በሐሰት በተከሰሰችበት ነገር ላይ፣ በራሷ ላይ እንድመሰክርላት ለመነችኝ። እኔም እሽ አልሁ። ሰኞ ዛሬ ነው።

*

ያው ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። ሄጄ መጣሁ።

ስልኩን መሶቡ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ከመደወሏ በፊት ቆሜ ነገርኋት፤ ብቀመጥ እንደማልናገረው አውቃለሁ። «ሐሙስ አላልኩሽም። ያልኩሽ ቅዳሜ ነው። ሐሙስን ሆን ብዬ ደበቅሁሽ። አንቺ አልተሳሳትሽም» አልሁ።

«አልተሳሳትኩም?» አለች።

«አልተሳሳትሽም።»

«እኔኮ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር፤ «እኔኮ ይህን ሁሉ ጊዜ ሶላቴን ስጨርስ፣ ያረቢ ከዝንጉነቴ አውጣኝ እያልሁ ነው የምለምነው።»

«አፉ በይኝ፣ ዘሀራ።»

«የኔን ኋላ እናየዋለን። አሁን ለሷ ንገሩልኝ፤ ልክ ለኔ እንደነገራችሁኝ።» ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ ቆመ። ደገመች። ጠራ። እኔ እንደዚያ ያለ የስልክ ጥሪ ሰምቼ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ጥሪ ያቺን ጠዋት ይመልሳት ነበር። አልቻልሁም፤ ከዘራዬን አንሥቼ ልወጣ ወደ በሩ ዞርሁ።

«ትንሽ ቆዩ፣ መምህር» አለችኝ። «ታነሳለች።»

ተመልሼ ተቀመጥሁ።

አርጅቻለሁ፣ ጥበብ ወድጄ ነው፣ ልጁም ተስማምቶ ነበር፣ የሚሉትን ሁሉ አስቤአቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አላቀርብም። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ አያቅርቡልኝ።

ያልተቋጨው ይህ ነው። መዲና ስልኩን አላነሳችም። ዘሀራ አፉ ብያለሁ አላለችኝም፤ አልልምም አላለችም። በማድ ቤቴ መስኮት ለናሆም ያልሁትን ያን «ትንሽ ቆይ» የሚል ቃልም ገና አልነገርኋትም።